ጡት መልሶ መሥራት ካንሰርን አይመልስም፦ የከለከላችሁን ምክንያት እውነቱን ንገሩን

ለሆስፒታሉ ሥራ አመራር ቦርድ
ለሕክምና ዳይሬክተሩ
ለቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በካንሰር ምክንያት ጡታቸው ለወጣ ሴቶች መልሶ የማስተካከል ቀዶ ሕክምና ሪፈር እንዳይጻፍ የወጣውን ማስታወቂያ ይመለከታል

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣

እኛ በጡት ካንሰር ታመን ጡታችን በኦፕራሲዮን የወጣ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ኪሎ እየተገናኘን የምንረዳዳ ሴቶች ነን። አንዳንዶቻችን ፒያሳ፣ ካዛንቺስና ሜክሲኮ አካባቢ እንኖራለን፤ አንዳንዶቻችን ሰፈራችን ፈርሶ ወደ ከተማው ዳር ሄደናል። አብዛኞቻችን ካርዳችን ያለው እናንተ ዘንድ ነው። በዚህ ደብዳቤ የሆስፒታሉን ስም ያልጻፍነው ተመሳሳይ መልስ በሌሎች ቦታዎችም ስለተሰጠን ነው፤ ጉዳዩ የአንድ ተቋም ብቻ ሆኖ እንዲታይ አንፈልግም። ለእናንተ የሚደርሰውን ቅጂ በመዝገብ ቤት በኩል ገቢ አድርገናል።

ባለፈው ሚያዝያ በቀዶ ሕክምና ተመላላሽ ክፍል በር ላይ አንድ ገጽ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ይዘቱ ባጭሩ ይህ ነው፦ ጡት መልሶ መሥራት ካንሰሩ እንዲመለስ ሊያደርግ ይችላል፤ ቢመለስም ከሥር ተደብቆ ሳይታይ እንዲቆይ ያደርጋል፤ ስለዚህ ሕክምናዋን ከጨረሰች አምስት ዓመት ያልሞላት ሴት ለዚህ ጉዳይ ሪፈር አይጻፍላትም። ማስታወቂያው ክብ ማኅተምና ፊርማ አለው። ሐሳቡ በምን መረጃ ላይ እንደተመሠረተ ግን የተጻፈበት ነገር የለም።

ይህን የምንጽፈው ሁላችንም ጡት እንዲሠራልን ፈልገን አይደለም። ከመካከላችን ብዙዎቹ ሌላ ኦፕራሲዮን መስማት እንኳ አይፈልጉም፤ ውሳኔያቸውንም እናከብራለን። የሐኪም እጥረት፣ የኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ወረፋ፣ የገንዘብ ችግር እንዳለባችሁም እናያለን፤ ኮሪደሩ ላይ ከናንተ ጋር የምንውለው እኛው ነን። «ይህን የሚሠራ ሐኪም የለንም» ብትሉን እናዝናለን እንጂ አንከስም። የተቃወምነው ለክልከላው የተሰጠው ምክንያት ትክክል ስላልሆነ፣ በዚያ ላይ ሴቶች ነፍሳቸውን የሚመለከት ውሳኔ እየወሰኑበት ስለሆነ ነው።

አንደኛ፣ ካንሰሩን ይመልሳል ስለተባለው።

አንዲት አባላችን የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ናት። ኬሞዋን ጨርሳ ለኦፕራሲዮን ስትቀጠር፣ ጡቷ ሲወጣ በዚያው መልሶ ሊሠራላት ይችል እንደሆነ ጠየቀች። የተሰጣት መልስ «በሽታውን መቀስቀስ ትፈልጊያለሽ?» የሚል ነበር። ባለቤቷ አጠገቧ ተቀምጧል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጉዳዩን ባነሳች ቁጥር «ዶክተሩ ያለውን ረሳሽው?» ይላታል። እናቷ ጭምር ሰምተው «ልጆችሽን አስቢ» ብለዋታል። ልጆቿን ሳታስብ የዋለችበት ቀን የለም። አሁን ከእኛ ጋር ካልሆነች በስተቀር ስለዚህ ነገር አፏን አትከፍትም።

ካንሰር ጡት ከወጣ በኋላም የሚመለስበትን ምክንያት እናንተ ከእኛ አብልጣችሁ ታውቁታላችሁ። ዕጢው ሲገኝ ምን ያህል አድጎ እንደነበረ፣ የብብት ንፍፊት ውስጥ ገብቶ እንደሆነ፣ ዓይነቱ፣ የወጣው ሥጋ ጠርዙ ከካንሰር ንጹሕ ሆኖ መውጣቱ፣ ኬሞው፣ ጨረሩና ክኒኑ በጊዜው ተጀምረው በአግባቡ መጠናቀቃቸው ነው የሚወስነው። ከሆዷ ተነሥቶ ደረቷ ላይ የተተከለ ቆዳና ስብ፣ ወይም ከጡንቻ ሥር የገባ ሲሊኮን ከእነዚህ አንዱንም አይለውጥም። በተለያዩ አገሮች ጡታቸው መልሶ የተሠራላቸውን ሴቶች ካልተሠራላቸው ጋር እያነጻጸሩ ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች፣ በሽታው ደረት ላይ ተመልሶ የመምጣቱ ነገር በሁለቱም ዘንድ ተመሳሳይ ሆኖ ነው ያገኙት። መልሶ በመሠራቱ የተነሣ የጨመረ ሞትም አላገኙም። ቆዳውን አስቀርቶ ጡቱን ከውስጥ የማውጣት ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲተዋወቅ ብዙ ሐኪሞች በጥርጣሬ አይተውት ነበር፤ በኋላ ጥናቶቹ አንድ ላይ ሲሰበሰቡ፣ ለዘዴው በአግባቡ የተመረጡ ታካሚዎች ላይ ካንሰሩ ደረት ላይ የመመለሱ መጠን ከተለመደው ኦፕራሲዮን ጋር እኩል ሆነ። በብሪታንያ የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው ናይስ የተባለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ፣ ጡቷ እንዲወጣ የተመከረች ሴት ሌላ ከባድ የጤና ችግር ካልከለከላት በስተቀር በዚያው ኦፕራሲዮን መልሶ የመሠራት ምርጫ እንዲቀርብላት ይላል። ከኦፕራሲዮን በኋላ ጨረር ሊያስፈልጋት የምትችለውን ሴት እንኳ ከዚህ አላወጣትም። አምስት ዓመት ጠብቂ የሚል ነገር አላገኘንበትም።

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ሞክረናል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጡትን ከነደረት ጡንቻው የማውጣትን ኦፕራሲዮን ያስፋፋው አሜሪካዊው ሐኪም ዊልያም ሃልስቴድ፣ ከሌላ የሰውነት ክፍል ሥጋ አዙሮ ቅርጽ መመለስን አጥብቆ ይቃወም ነበር። በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1895፣ ቪንሴንዝ ቸርኒ የተባለ ጀርመን አገር ይሠራ የነበረ ሐኪም ከታካሚዋ ሰውነት የወጣ የስብ ዕጢ ጡቷ በነበረበት ቦታ ተክሎ አሳይቷል። የብዙ ሐኪሞችን ልብ ለረጅም ዘመን የያዘው ግን የሃልስቴድ ስጋት ነው። ያን ጊዜ ኬሞ የለም፣ ማሞግራም (የጡት ራጅ) የለም፣ አልትራሳውንድ የለም። ያ ስጋት በእናንተ በር ላይ በማኅተም ተደግፎ መቀጠሉ ያሳዝነናል።

ሁለተኛ፣ ይደብቃል ስለተባለው።

ይህ ነጥብ ከመጀመሪያው ይልቅ በቁም ነገር ሊነሣ የሚገባው ነው፤ እኛም የምንፈራው ይህንኑ ነውና። ነገር ግን ጡት ከወጣ በኋላ ካንሰር ደረት ላይ ሲመለስ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰው በቆዳውና ከቆዳው ሥር ባለው ስስ ሽፋን ላይ ነው። ኢምፕላንት (ጡት ለመሥራት ከውስጥ የሚቀመጠው ሲሊኮን) ከዚያ ሥር ነው የሚገባው፤ የቀረውን ሥጋ ወደ ውጭ ይገፋዋል እንጂ አይሸፍነውም። ስለዚህ በእጅ ይዳሰሳል። ከጡንቻ በታች፣ ከጎድን አጥንት አጠገብ የሚነሣ አለ፤ እሱን በእጅ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፣ አልትራሳውንድ፣ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ይጠይቃል። ወደ አጥንት፣ ወደ ጉበትና ወደ ሳንባ የሚሄደውን ደግሞ ጡት ተሠራም አልተሠራም ደረትን በማየት አናገኘውም።

አንዲት አባላችን ከዓመታት በፊት ውጭ አገር ከእህቷ ዘንድ ሆና ታክማ፣ ከሆዷ በተወሰደ ሥጋ ጡቷ ተሠርቶላት ነው የተመለሰችው። አንድ ቀን ልብስ ስትቀይር በተሠራው ጡት ላይ፣ ከብብቷ ወረድ ብሎ፣ ሽንብራ የሚያህል ጠጣር ነገር ነካች። ሥፍራውን በእስኪርቢቶ ምልክት አድርጋበት በማግስቱ መጣች። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሐኪም ብዙም ሳይዳስሱ «ይሄ የተሠራ ስለሆነ ምንም አይታይም፤ ለዚህ ነው አይሠራ የምንለው» ብለው ለሦስት ወር ቀጠሯት። እሷ ሦስት ወር መጠበቅ አልቻለችም። ግል ክሊኒክ ሄዳ አልትራሳውንድ ተነሣች፤ ዕጢው ጥርት ብሎ ታየ፤ በመርፌ ናሙና ተወሰደ፤ ውጤቱ የሞተ ስብ እንጂ ካንሰር አለመሆኑን ተናገረ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንወስዳለን። የተተከለ ስብ አንዳንዴ ደርቆ ይጓጉላል፤ ሴትየዋን ያስደነግጣል፤ ተጨማሪ ምርመራና አንዳንዴም ባዮፕሲ (ናሙና መውሰድ) ያስከትላል። ይህን ቀድማ ልታውቀው ይገባል፤ መልሶ የመሠራት ዋጋ ነው። በሌላ በኩል ግን ዕጢው ራሷ በጣቷ ያገኘችው፣ በማሽንም በግልጽ የታየ ነው። ካንሰር ቢሆን ኖሮ ሦስት ወር የሚያዘገየው የተሠራው ጡት ሳይሆን አይታይም የሚለው አስተሳሰብ ነበር። ሌላኛው ጡት ማሞግራሙ እንደማይቀርም የሚነግረን አጣን፤ ብዙዎቻችን አንዱ ከወጣ በኋላ ለሌላው ክትትል እንደሚያስፈልግ የሰማነው እርስ በርሳችን ነው።

ሦስተኛ፣ በእውነት ስላሉት አደጋዎች አለመነገሩ።

ማስታወቂያው የሌለውን አደጋ ጽፎ ያለውን ትቶታል። በጣም ያስቆጣን ይህ ነው።

ጨረር አንዱ ነው። ኢምፕላንት የገባበት ደረት ጨረር ሲመታው በዙሪያው ያለው ጠባሳ ይጠነክራል፤ ይጨብጠዋል፤ ያማል፤ ቅርጹ ይበላሻል፤ ብዙ ጊዜም ሌላ ኦፕራሲዮን ያስከትላል። ስለዚህ ጨረር እንደሚያስፈልጋት ለታወቀች ሴት ማዘግየት ወይም ከራሷ ሥጋ መሥራት የሚመረጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ጡትን በሙሉ አቅልቶና አሳብጦ የሚመጣው የካንሰር ዓይነት ያለባት ሴት ደግሞ በዚያው ኦፕራሲዮን እንዳይሠራላት ይመከራል። ከመካከላችን አንዲት ወጣት ይህን የሚያስረዳ ሐኪም አግኝታለች፤ እናንተው ጋር የሚሠሩ ናቸው። ወረቀት አውጥተው ደረት ሥለው፣ ጨረሩ የትኛውን ቦታ እንደሚመታ፣ ሲሊኮኑ ቢኖር ምን እንደሚሆን፣ ከጨረር በኋላ ቆዳው እስኪያገግም ለምን መጠበቅ እንደሚያስፈልግ አሳዩዋት። ያችን ወረቀት አሁንም ከካርዷ ጋር ይዛታለች። መጠበቁ አልከበዳትም፤ ምክንያቱን ስለምታውቅ። የጠየቅናችሁ ይህንኑ ነው።

ሌላው ቁስሉ ነው። መልሶ መሥራት ረዘም ያለ ኦፕራሲዮን ነው፤ ስኳር ያለባት፣ የምታጨስ ወይም ክብደቷ ከፍ ያለ ሴት ቁስሏ ቶሎ ላይድን ይችላል። ቁስሉ ካልዳነ ኬሞው ይዘገያል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ በካሊፎርኒያ የካንሰር መዝገብ ላይ የተሠራ ትልቅ ጥናት፣ ከኦፕራሲዮን በኋላ ኬሞ ከ90 ቀን በላይ ሲዘገይ በሕይወት የመቆየት ዕድል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ታዲያ ያስፈራችሁ መዘግየት ከሆነ ከጎናችሁ ነን፤ ግን መዘግየቱን ሙሉውን እንቁጠረው። ከመካከላችን ጡቷ መልሶ ተሠርቶላት ኬሞ የዘገየባት አንዲትም ሴት የለችም። የፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ) ውጤት ሲጠበቅ፣ የሆርሞን ምርመራው ኬሚካል አልቋል ሲባል፣ መድኃኒቱ ከውጭ ፋርማሲ ተገዝቶ እስኪመጣ፣ የጨረር ወረፋ እስኪደርስ የዘገየባቸው ግን ክፍሉን ይሞላሉ።

ሦስተኛው አደጋ ራሱ ኢምፕላንቱ የሚያመጣው ካንሰር ነው፤ ይህን ከአንድም ሐኪም አፍ አልሰማንም። የጡት ካንሰር አይደለም። በኢምፕላንቱ ዙሪያ ሰውነት በሚሠራው የጠባሳ ከረጢት ውስጥ የሚነሣ ሊምፎማ የሚባል የነጭ የደም ሴሎች ካንሰር ነው፤ ጥቂት ሴቶችን ነው የሚይዘው፤ በዋናነት የሚያያዘውም ገጹ ሻካራ ከሆነው የኢምፕላንት ዓይነት ጋር ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ግንኙነት ሊኖር እንደሚችል ያስጠነቀቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በሐምሌ 2019 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ 573 ሴቶች በዚህ በሽታ መያዛቸውንና 33ቱ መሞታቸውን ገልጾ፣ አለርጋን የተባለው ኩባንያ ባዮሴል በሚል ስም የሚሸጣቸውን ሻካራ ኢምፕላንቶች ከገበያ እንዲሰበስብ ጠየቀ፤ ኩባንያውም ሰበሰበ። ከ573ቱ 481ዱ የዚያው ኩባንያ ምርት የገባላቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ በኢምፕላንት ማሸጊያ ላይ ጎላ ያለ ማስጠንቀቂያ እንዲኖርና ሴቷ ከመፈረሟ በፊት ነጥብ በነጥብ የምታነበው ቅጽ እንዲሰጣት አዘዘ። በቀጣዩ ዓመት በዚያው ከረጢት ውስጥ ሌሎች ብርቅ ካንሰሮች እንደታዩ አስታወቀ። ሊምፎማው ቀድሞ ከተገኘ ኢምፕላንቱን ከነከረጢቱ በማውጣት ብዙውን ጊዜ ይድናል። ቀድሞ ለማግኘት ግን ሴቷ ምልክቱን ማወቅ አለባት፦ ኢምፕላንቱ ከገባ ከዓመታት በኋላ ያለ ምንም መመታት ጡቱ በድንገት በፈሳሽ ሲያብጥ።

መርካቶ የምትሠራ አንዲት እህታችን የደረሰባት እንዲህ ያለ ነው። እዚህ አይሆንም ስትባል ወንድሟ ወዳለበት አገር ሄዳ ኢምፕላንት አስገባች። ከዓመታት በኋላ ጡቷ አበጠ። ወደ እናንተ ስትመጣ ኢንፌክሽን ነው ተብላ አንቲባዮቲክ ተጻፈላት፤ ሲደጋገምም ሌላ አንቲባዮቲክ ተጻፈላት። የገባላት ኢምፕላንት ማን እንደሠራው፣ ገጹ ሻካራ ይሁን ለስላሳ፣ የምርት ቁጥሩ ስንት እንደሆነ የሚናገር ወረቀት የላትም፤ እናንተም አልጠየቃችኋትም። በመጨረሻ በሌላ ቦታ ፈሳሹ ተቀድቶ ተመረመረና ሊምፎማ አለመሆኑ ታወቀ። እግዚአብሔር ይመስገን አልን። ነገር ግን የዳነችው ተገቢው ምርመራ በጊዜው ስለተደረገላት አይደለም።

በፈረንሳይ ፒአይፒ የተባለው ኩባንያ ለሰው አካል ባልተፈቀደ የኢንዱስትሪ ሲሊኮን ኢምፕላንት ሲሞላ መኖሩ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲጋለጥ፣ ምርቱ በብዙ አገር ሴቶች ሰውነት ውስጥ ገብቶ ነበር። ያን ጊዜ የምርቱን ስምና ቁጥር የያዘች ሴት የራሷን ጉዳይ ወዲያው አወቀች፤ ያልያዘችው በጭንቀት ፍለጋ ገባች። የእኛም ሴቶች ከተለያየ አገር ተሠርተው እየመጡ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ በግል የሚሠራላቸውም አሉ። መከልከላችሁ ይህን አላቆመውም፤ ከእናንተ ዓይን አራቀው እንጂ። ከራስ ሆድ ወይም ጀርባ በተወሰደ ሥጋ በተሠራ ጡት ይህ ሊምፎማ እንደማይነሣም ቀድማ ብታውቅ ምርጫዋ ሌላ ይሆን እንደነበር የመርካቶዋ እህታችን ደጋግማ ትናገራለች።

አራተኛ፣ ክልከላው ራሱ ነፍስ ስለሚያስከፍል።

ይህን ስንጽፍ እጃችን ይከብዳል። ከእኛ ጋር የነበረች፣ ዛሬ በሕይወት የሌለች አንዲት ወጣት ነበረች። ዕጢዋ ሲገኝ ትንሽ ነበር። ጡቷ መውጣት እንዳለበት ሲነገራት «መልሶ መሠራት ይቻላል?» ብላ ጠየቀች፤ «እሱን እርሺው» ተባለች። ልታገባ ቀን ቆርጣ ነበር። ከዚያ ቀጠሮ በኋላ አልተመለሰችም። ጠበል ገባች። ጠበሉን ነቅፈን አይደለም፤ ብዙዎቻችን ኬሞአችንን እየወሰድን ተጠምቀናል፤ እሷ ግን ሕክምናውን ትታ ነው የሄደችው። ስትመለስ በሽታው ከጡቷ አልፎ ነበር። መልሶ ይሠራል ቢሏት ትመጣ ነበር ወይ ብሎ በእርግጠኝነት የሚመልስ ሰው የለም። እናቷ ግን ትመጣ ነበር ይላሉ፤ ከእኛ ጋር ተቀምጣ በነገረችን መጠን እኛም እናምናቸዋለን። ካንሰሩን ፈርታችሁ የዘጋችሁት በር ሌላዋን ሴት ከነካንሰሯ ቤቷ ሊያስቀራት እንደሚችል ማስታወቂያውን የፈረሙ ሰዎች አስበውት ይሆን? በአገራችን የጡት ካንሰር ከሴቶች ካንሰር ቀዳሚው ነው፤ አብዛኛው ሴት ደግሞ ዘግይታ ነው የምትመጣው። ቶሎ እንድትመጣ የሚያደርግ ማንኛውም ተስፋ የሕክምናው አካል ነው።

አምስተኛ፣ ስለ ገንዘቡና መሠራት ስለማይፈልጉት።

ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ከጤና መድን ሽፋን ውጭ ነው። በካንሰር የወጣ ጡትን መልሶ መሥራት በዚህ ሥር ተመድቦ እንደሆነ ጠይቀን ከክፍያ መስኮት እስከ ማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ የተለያየ መልስ ተሰጥቶናል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣችው ሕግ ጡት ማውጣትን የሚሸፍን መድን መልሶ መሥራቱንም፣ ለማመጣጠን በሌላው ጡት ላይ የሚሠራውንም፣ ከውጭ የሚለበሰውን ሰው ሠራሽ ጡትም እንዲሸፍን አስገድዳለች። የእኛ አገር አቅም ሌላ መሆኑን እናውቃለን። የሆስፒታሉ አቋም ግን ቢያንስ በጽሑፍ ይታወቅ።

መሠራት ለማይፈልጉትም ያደረጋችሁት ነገር የለም። አባሎቻችን ከውጭ የሚለበሰውን ጡት በእጃቸው ነው የሚሰፉት። ከጥጥ ብቻ ከሆነ ቀላል ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ወደ አንገት እየወጣ ያስቸግራል፤ ስለዚህ ከሥሩ በትንሽ ከረጢት ምስር ወይም ሩዝ ይከቱበታል፤ ክብደቱ ሲመጣጠን ትከሻና ጀርባ ይቀልላል። ውስጡን ለስላሳ ጨርቅ ያደርጉታል፤ ጠባሳው ላይ የሚያርፈው ስፌት እንዳይፈገፍግ ወደ ውጭ ይገለብጡታል። ይህን የሚሰፉልን ጡረታ የወጡ እናት ናቸው። ክፍላችሁ ውስጥ በሳምንት ግማሽ ቀን ጠረጴዛ ቢፈቀድላቸው ከኦፕራሲዮን የምትወጣ ሴት ባዶ ደረቷን በነጠላ ሸፍና አትሄድም ነበር። በጽሑፍ ጠይቀን እስከ ዛሬ መልስ አልተሰጠንም።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

ማስታወቂያው ይነሣ። መነሣቱም በቃል ብቻ ሳይሆን ጡት መልሶ መሥራት ካንሰርን እንደማይመልስ የሚገልጽ ጽሑፍ ለተመላላሽ ክፍሉ ሐኪሞችና ነርሶች ይሰጥ፤ በዚያው በር ላይም ይለጠፍ፤ ባሎቻችንና እናቶቻችን ያነበቡት እዚያ ነውና።

መልሶ መሥራት የማይቻልላት ሴት ምክንያቱ በካርዷ ላይ ይጻፍ። ጨረር ስለሚያስፈልጋት ከሆነ ጨረር፣ ስኳሯ ስላልተስተካከለ ከሆነ ስኳር፣ ሐኪም ስለሌለ ከሆነ ሐኪም የለም ተብሎ ይጻፍ። ሌላ ቦታ መሄድ የምትፈልግ ሴት ሪፈሯ፣ የፓቶሎጂ ውጤቷና የኦፕራሲዮን ማስታወሻዋ ይሰጣት፤ እነዚህን ይዛ የሄደች ሴት ሌላው ሐኪም በትክክል ይረዳታል።

ጡት ከመውጣቱ በፊት፣ ሴቷ ሳትጠይቅ ጭምር፣ ምርጫዎቹ ይነገሯት፦ አሁን፣ በኋላ፣ በኢምፕላንት፣ ከራስ ሥጋ፣ ወይም እንዲሁ ጠፍጣፋ ሆኖ መቅረት። የቀዶ ሕክምና፣ የካንሰርና የጨረር ሐኪሞቿ በጉዳዩ ተነጋግረው ይወስኑ፤ እሷ በምትመርጠው ሰው ፊት ወይም ለብቻዋ ይንገሯት።

የትም ይሠራላት የት ኢምፕላንት ላላት ሴት መዝገብ ይከፈት፦ የአምራቹ ስም፣ የምርት ቁጥሩ፣ ሻካራ ወይም ለስላሳ መሆኑ፣ የገባበት ዓመት። የማታውቅ ከሆነም አታውቅም ተብሎ ይመዝገብ። ከዓመት በኋላ በድንገት ያበጠ ጡት ሲገኝ አንቲባዮቲክ ተሰጥቶ ከመሸኘቱ በፊት አልትራሳውንድ ይነሣ፣ ፈሳሹ ተቀድቶ ለሊምፎማ ምርመራ ይላክ፤ ይህን ሊምፎማ ለመለየት የሚሠራውን ሲዲ30 የሚባለውን ምርመራ ላቦራቶሪያችሁ የማይሠራው ከሆነ የሚሠራበት ቦታ ይታወቅ።

የሌላኛው ጡት ክትትል ለእያንዳንዷ በጽሑፍ ይሰጣት። ሰው ሠራሽ ጡት ለሚሰፉት እናት የጠየቅነው ጠረጴዛ ይፈቀድ።

በእነዚህ ጉዳዮች ላይ ከቀዶ ሕክምና፣ ከካንሰርና ከነርሲንግ ክፍሎች ተወካዮች ጋር ስብሰባ እንዲጠራልንና በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ የጽሑፍ መልስ እንዲሰጠን እንጠይቃለን። በስብሰባው ላይ ታሪካቸውን እዚህ የጠቀስናቸው አባሎቻችን፣ ካርዳቸውን ይዘው፣ በፈቃዳቸው ይገኛሉ። የሟቿ እናትም እመጣለሁ ብለዋል።

ከአክብሮት ጋር፣

የጡት ካንሰር ታካሚ ሴቶች መረዳጃ ቡድን ሰብሳቢ
ስለ አባላቱ
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ